ስለ መስተዋት የዓሣ ገንዳ ታሪክና በሆሳዕና ስለ ተደረገ አንድ ሙከራ

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣንና የውኃ ተክልን አብሮ የማኖር ዘዴ እንዴት እንደ ተገኘ መተረክና፣ ያ ታሪክ በሆሳዕና ከተማ ላደረግነው ትንሽ ሙከራ ምን እንደ ጠቀመን ማስረዳት ነው። አንዳንድ አንባብያን «ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ከታሪክ ጥናት ጋር ምን አገናኘው?» ይሉን ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ እንደዚሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን አንድ ዓሣ በእጃችን ከሞተ በኋላ የሞተበትን ምክንያት ስንፈልግ ከአንድ አባትና ከአንድ ልጅ ታሪክ ላይ ደረስን። በዚያም ታሪክ፣ ሰው ሥራው እየተሳካለት የተሳካበትን ምክንያት ግን ግማሹን ብቻ ሊያውቅ እንደሚችል ተማርን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ይህንኑ ነው። የታሪኩን ዓመታት የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ

ሆሳዕና በሐድያ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ የዛሬውን ስሟን ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል ነው። ከ2023 ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ሆናለች። አየሯ ደጋማ ስለ ሆነ በክረምት ሌሊቱ ይበርዳል። ይህን የምናነሣው ኋላ ለምንነግረው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ወር መጀመሪያ፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ቤታ የሚባል አንድ ሰማያዊ ወንድ ዓሣ ከአዲስ አበባ ገዛን። ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ አየር በሆነ ላስቲክ ውስጥ አድርገን፣ ላስቲኩንም በነጠላ ጠቅልለን፣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ይዘነው ሄድን። በማግሥቱም 20 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ አጥበን፣ ጠጠሩን ሦስት ጊዜ አለቅልቀን፣ በባልዲ ያደረ የቧንቧ ውኃ ሞላንበት። ለጌጥ ያህል ሁለት ቅርንጫፍ ተክል ተከልንበት፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም አገባንበት። ዓሣውንም በዚያው ቀን ለቀቅነው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያደንቅ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ምግብ እንቢ አለ። ከዚያም ክንፉን አጥፎ ከውኃው ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ይውል ጀመር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጧት ሞቶ አገኘነው። ውኃው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንደ ምንጭ የጠራ ነበር፤ የሙቀት መለኪያውም 25 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ታዲያ ምን ገደለው? የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን በመመርመሪያ ጠብታ ውኃውን ቢመለከተው አሞኒያ ሞልቶበት ተገኘ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሌላ የማንም እንዳልነበረ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ዓሣው

የቤታ አገሩ በቀድሞ ስሟ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድ ናት። በዚያ አገር በሩዝ ማሳ፣ በቦይና ሣር በበዛበት ረግረግ ይኖራል። የአገሩ ሰዎች «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። ሁለት ወንዶች ከተገናኙ ይፋለማሉና ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ለውርርድ ያዋጉት ነበር። በ2022 የታተመ አንድ የዘር ጥናት ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 400 ዓመት እንደ ሆነው አሳይቷል። በአውሮፓውያን የሳይንስ ጽሑፍ በ1849 ቴዎዶር ካንቶር ስለ እርሱ ጻፈ። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን የዛሬ ስሙን ያወጣለት ደግሞ በ1909 ቻርልስ ቴት ሬጋን ነው። በ2019 የታይላንድ መንግሥት ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎታል።

የዚህ ዓሣ ዋና ጠባይ ከስንጥቡ በላይ ባለ እጥፋቱ የበዛ ብልት አማካይነት አየርን ከውኃው በላይ መተንፈሱ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሐድያንና የከምባታን ቆላ አቋርጦ የሚወርደው የቢላቴ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ በአባያ ያለው አምባዛም እንዲሁ ከስንጥቡ በላይ ባለ ብልት አየር ስለሚተነፍስ በጭቃማ ውኃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው «ቤታ አየር ከላይ ስለሚተነፍስ በብርጭቆም ይኖራል» ይላሉ። እኛም ይህን ሰምተን አምነን ነበር። ነገር ግን አየር መተንፈሱ የሚያድነው ከመታፈን ብቻ ነው፤ በውኃው ውስጥ ከተሟሟ መርዝ አያድነውም። የሩዝ ማሳም ጥልቀቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ስፋቱ ብዙ ነው፤ አፈርና ተክልም ሞልቶበታል። ብርጭቆ ግን ይህ ሁሉ የለውም። እንግዲህ የእኛ ዓሣ የሞተው አየር አጥቶ አልነበረም። ይህ ነጥብ ለሚከተለው ታሪክ ቁልፍ ነው።

አባትየው ያወቀው ግማሽ

ዓሣን በመስተዋት ውስጥ አስቀምጦ ማየት የቆየ ምኞት ነው። ችግሩ ውኃው ቶሎ መበላሸቱ ነበር። በ1770ዎቹ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ተክል የተበላሸ አየርን እንደሚያድስ አሳየ። በ1779 ያን ኢንገንሁስ ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ መሆኑን ጨመረበት። በ1832 ዣን ቪልፕሬ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲልያ ደሴት የባሕር እንስሳትን ለማጥናት የመስተዋት ሣጥን አሠራች። በለንደንም ናታንኤል ዋርድ የተባለ ሐኪም ተክልን በተዘጋ መስተዋት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ማኖር እንደሚቻል አሳየ።

ይህን ሁሉ አሰባስቦ ገንዳውን የሠራው በለንደን የሚኖር ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት ነው። በ1849 ከ50 ሊትር ጥቂት በሚበልጥ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አድርጎ፣ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውኃ ሣር ተከለበት፤ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችም ጨመረበት። ጥቂት እንደ ቆየ የሣሩ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አደፈረሰው። እርሱም ቀንድ አውጣዎችን አገባበት፤ እነርሱ የበሰበሰውን በሉ፤ ዕንቍላላቸውንም ዓሦቹ በሉት። ውኃው ሳይለወጥ ሁሉም በሕይወት ኖሩ። ዋሪንግተን ይህን በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ። ትርጓሜውም፣ ዓሣው የሚያወጣውን የተቃጠለ አየር ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ በ1853 በለንደን የእንስሳት መናፈሻ የመጀመሪያው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ተከፈተ። አኳሪየም የሚለውንም ስም ፊልፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ አስለመደው።

የዋሪንግተን ገንዳ እውነት ነበረ፤ ትርጓሜውም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ግማሽ ነበር። በኦክስጅን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከላይ አየር የሚተነፍሰው የእኛ ቤታ ባልሞተ ነበር። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ የት እንደሚሄድ አባትየው አልተናገረም፤ በዚያ ዘመንም መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታይ ሌላ ሠራተኛ ይሠራለት ነበር። አባትየው ይህን ሳያውቅ በ1867 ዐረፈ።

ልጅየው የደረሰበት ግማሽ

በ1877 ቴዎፊል ሽሌዚንግና አሺል ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የከተማ ፍሳሽን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ረጅም ቱቦ ቀስ ብለው አሳለፉ። ለ20 ቀን ያህል ምንም አልተለወጠም፤ አሞኒያው እንደ ገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን በአሞኒያው ፋንታ ናይትሬት ይወጣ ጀመር። ነገሩ የኬሚካል ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር ነበር። ቀጥለውም የክሎሮፎርም ትነት ቢያስገቡበት ሥራው ቆመ። ክሎሮፎርሙን ካስወገዱ በኋላም ጥቂት አፈር የታጠበበት ውኃ እስኪጨምሩበት ድረስ አልተነሣም። በዚህም ሠራተኛው ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑ ተረጋገጠ።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ ተከታትሎ ያስፋፋው ሰው ስሙ ሮበርት ዋሪንግተን ነው። አንባቢ ስሙን አሳስተን የደገምነው አይምሰለው፤ ይህ የዚያ የለንደን ኬሚስት ልጅ ነው። በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ለውጡ በሁለት ደረጃ እንደሚፈጸም አሳየ፤ ይኸውም አንዱ ፍጡር አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ለማውጣት ግን አልቻለም። ይህን በ1890 በዙሪክ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ፈጸመው።

የታሪኩ መገጣጠም ያስደንቃል። አባት የኦክስጅኑን ግማሽ አገኘ፤ ልጅ የአሞኒያውን ግማሽ ለማግኘት ረዳ። ልጁ የሠራው ግን ስለ ስንዴና ስለ ፍግ እንጂ ስለ ዓሣ አልነበረም። ሁለቱ ግማሾች በገንዳ ውስጥ የተጋጠሙት ዓሣ አሳዳጊዎች የማጣሪያን ጥቅም ከተረዱ በኋላ ነው። ዕውቀቱም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። በ1998 ቲሞቲ ሆቫኔክና ጓደኞቹ በዓሣ ገንዳ ውስጥ ሁለተኛውን ደረጃ የሚሠራው ቀድሞ እንደ ተጻፈው ናይትሮባክተር ሳይሆን ናይትሮስፓይራ መሆኑን አሳዩ። በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚፈጽም ባክቴሪያ እንዳለ ታወቀ።

ፍግና እርሾ

የዓሣችንን አሟሟት እቤት በተናገርን ጊዜ እናታችን በመጀመሪያ ሳቁ። ከዚያም «ልጆቼ፣ እርሾ ሳታደርጉበት ነው ሊጡ ይቦካል ያላችሁት?» አሉን። እኛም «እማማ፣ ውኃ እኮ ሊጥ አይደለም» ብንላቸው፣ «አዲስ እንስራስ ጠላ ያሳምራል? ሁሉም ነገር እስኪለምድ ይጠበቃል» ብለው መለሱልን። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ነበር። የሽሌዚንግንና የሙንትዝን ሙከራ ካነበብን በኋላ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባን። ሥራው ቆሞ የነበረው ቱቦ አፈር የታጠበበት ውኃ ሲጨመርበት መነሣቱ ከእርሾ በምን ይለያል?

በሐድያና በከምባታ የእንሰት ተክል ያለ ፍግ አይሆንም። እንደ ቀድሞው ልማድ ከብቶቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት ያድራሉ፤ ጧት ሴቶችና ልጆች እበቱን ጠርገው ወደ ጓሮው እንሰት ይወስዱታል። በቤታችን ትኵስ እበት ለጋ ችግኝ ሥር አይደረግም፤ ያቃጥለዋል ይባላል። ከቆየና አፈር ከመሰለ በኋላ ግን ያፋፋዋል። በትኵሱና በቆየው ፍግ መካከል ካለው ልዩነት አንዱ ያ ዋሪንግተን ልጁ ያጠናው ለውጥ ነው። በአውሮፓም ቢሆን የባሩድ ሠሪዎች ሳይንቲስቶች ምክንያቱን ከማወቃቸው በፊት ብዙ ዘመን ከበረት አፈር ናይትሬት ያወጡ ነበር።

ይህን ስንጽፍ እናቶቻችን ባክቴሪያን ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ውዳሴ እውነት ካለመሆኑም በላይ ለእነርሱም ክብር አይሆንም። የምንለው ሌላ ነው። የለንደኑ ዋሪንግተን ምክንያቱን በግማሽ ሳያውቅ ሥራው ተሳካለት፤ ስሙም በታሪክ ተጻፈ። የጓሮውን ፍግ መቼ እንደሚያወጡ፣ የሊጡን እርሾ እንዴት እንደሚያቈዩ የሚያውቁትም እንዲሁ ምክንያቱን ሳያውቁ ሥራውን ያውቃሉ። የመጀመሪያው በመጽሐፍ ስለ ገባ ዕውቀት ከተባለ፣ ሁለተኛው ስላልተጻፈ ብቻ ዕውቀት አይደለም ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ሙከራ

በነሐሴ መጀመሪያ እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ ያደረግነውን በተራ እንጽፋለን፤ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሁሉ ይጠቅማልና።

ገንዳው ያው የ20 ሊትሩ ነው። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ስለሚጎዳ፣ ውኃውን በክፍት ባልዲ አንድ ሙሉ ቀን አሳደርነው። በታጠበው ጠጠር ላይ ተክሉን በዛ አድርገን ተከልን፤ ተክል አሞኒያንም ናይትሬትንም ይመገባልና። በአየር መንፊያ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ አቆምንበት፤ የስፖንጁ ቀዳዳ ሁሉ የባክቴሪያ ቤት ነው። ዓሣ ግን አላገባንም። በዓሣው ፋንታ በየሁለት ቀኑ አንድ ቍንጥር የዓሣ ምግብ ጣልንበት፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ ያ ለባክቴሪያው ቀለብ ነው። ለእርሾ ያህልም የሁለቱን ፈረንሳውያን ምሳሌ ተከትለን ከእንሰቱ ጓሮ አንድ ጭብጥ አፈር በጨርቅ ቋጥረን ጥቂት ቀን ዘፈዘፍንበት። አፈሩ ጊዜውን አሳጥሮልናል ብለን ግን አንከራከርም፤ አፈር ያልገባበት ሁለተኛ ገንዳ ለማወዳደሪያ አላቆምንምና።

የሆሳዕና ብርድ እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሞቀ ውኃ ይፈጥናሉ፤ በቀዘቀዘ ውኃ ይዘገያሉ። ስለዚህ ባዶው ገንዳ እንኳ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። መብራት በጠፋ ሌሊት ገንዳውን በጋቢ እንጠቀልለው ነበር። ማጣሪያውም ብዙ ሰዓት ከቆመ ባክቴሪያው ኦክስጅን ስለሚያጣ በጽዋ እየቀዳን መልሰን ከላይ እናፈስስ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያ ታየ፤ በሁለተኛው ጨመረ። በሦስተኛው ናይትራይት ብቅ አለ፤ ይህም ደሙ አየር እንዳይሸከም የሚያደርግ ሌላ መርዝ ስለ ሆነ፣ አሞኒያው ቀነሰ ብሎ በዚህ ጊዜ ዓሣ የሚያገባ ሰው ይሳሳታል። ናይትራይቱ እስከ አምስተኛው ሳምንት ከፍ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። በመስከረም አጋማሽ፣ ከ50 ቀን ያህል በኋላ፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኑ፤ የቀረው ጥቂት ናይትሬት ብቻ ነበር። ውኃው ግን በመጀመሪያው ቀንም በ50ኛውም ቀን ለዓይን አንድ ዓይነት ነበር።

ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛችን ሁለተኛውን ቤታ ይዞልን መጣ። ላስቲኩን ከነዓሣው በገንዳው ውኃ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አንሳፈን ሙቀቱ እንዲስተካከል አደረግን፤ ከዚያ ለቀቅነው። ወንድ ከወንድ ስለማይስማማ ብቻውን ነው። በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አምስተኛው ይቀየራል። ስፖንጁም ከገንዳው በተቀዳው አሮጌ ውኃ ብቻ ይታጠባል፤ በቧንቧ ውኃ ማጠብ እርሾውን እንደ መድፋት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር አግኝተናል። አንደኛው፣ በታሪክ ውስጥ የተሳካ ሥራ ሲገጥመን ሠሪው የሰጠውን ምክንያት ብቻ ይዘን መቆም እንደማይገባን ነው። የአባትየውን ጽሑፍ ብቻ አንብበን ቢሆን ኖሮ «አየር ይበቃዋል» ብለን ሌላ ዓሣ እንገድል ነበር። ሁለተኛው፣ ጥራት በዓይን አይለካም፤ ገዳዩ ውኃና አኗሪው ውኃ በመልክ አንድ ናቸው፤ የለያያቸው ጊዜና የማይታይ ሥራ ነው።

ለጓደኞቻችን ተማሪዎችም አንድ አሳብ እናቀርባለን። በሐድይሳና በከምባትኛ ስለ ፍግ፣ ስለ እርሾና ስለ እንሰት አቦካክ የሚነገሩ ቃላትና ልማዶች አሉ፤ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በዶዮገናና በአንጋጫ ያሉ አረጋውያን ሳያልፉ እነዚህን መዝግቦ ከኬሚስትሪ ተማሪዎች ጋር ማጥናት ለታሪክ ክፍልም ለሳይንስ ክፍልም የሚገባ ሥራ ነው።

ወደ ኮሌጅ ከተመለስን ወዲህ ገንዳውን የምትጠብቀው ታናሽ እኅታችን ናት። በየእሑዱ ውኃውን መርምራ ቍጥሩን ትነግረናለች፤ እስካሁን አሞኒያው ዜሮ ነው። ዓሣውም ከቅጠሉ ሥር የአረፋ ጎጆ እንደ ሠራ ባለፈው እሑድ ነግራናለች።